ስለ ትርፍ ድርሻ (ዲቪደንድ) ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አክሲዮን የገዙም ሆኑ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቀርበዋል፤ ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የትርፍ ድርሻ ምንድን ነው?

የትርፍ ድርሻ፣ ብዙዎች ዲቪደንድ የሚሉት፣ አንድ ኩባንያ ካገኘው ትርፍ ላይ ቀንሶ ለባለአክሲዮኖቹ እንደያዙት አክሲዮን ብዛት የሚያከፋፍለው ክፍያ ነው። ኩባንያው ለእያንዳንዱ አክሲዮን 2 ዶላር ለመክፈል ከወሰነ 50 አክሲዮን ያለው ሰው 100 ዶላር፣ 5,000 አክሲዮን ያለው ደግሞ 10,000 ዶላር ያገኛል። ተመሳሳይ ዓይነት አክሲዮን በያዙ ሰዎች መካከል ለአንዱ አብልጦ ለሌላው አሳንሶ መክፈል አይቻልም።

ክፍያው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በተጨማሪ አክሲዮን፣ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ በዓይነት ይሆናል። በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1610 ለባለአክሲዮኖቹ የመጀመሪያውን ድርሻ ያከፋፈለው በገንዘብ ሳይሆን ከእስያ ባስመጣው ቅመም ነበር።

ኩባንያው ካተረፈ የመክፈል ግዴታ አለበት?

የለበትም። ለኩባንያው ያበደረ ሰው ወለዱ በውል የተረጋገጠለት በመሆኑ ኩባንያው ቢከስርም ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል፤ ባለአክሲዮን ግን ባለቤት እንጂ አበዳሪ ስላልሆነ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ከተረፈው ላይ ነው፤ ያም ቢሆን እንዲከፋፈል ከተወሰነ ብቻ። በዩናይትድ ስቴትስ ውሳኔው የዳይሬክተሮች ቦርድ ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች ቦርዱ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ባለአክሲዮኖች ደግሞ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጡበታል።

የቅድሚያ መብት ያላቸው አክሲዮኖች ከዚህ ለየት ይላሉ። ለእነርሱ የሚከፈለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ ሲሆን፣ ተራ ባለአክሲዮኖች ማንኛውንም ነገር ከማግኘታቸው በፊት እነርሱ መከፈል አለባቸው። መብቱ የሚጠራቀም ዓይነት ከሆነ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሳይከፈል የቀረው በሙሉ ካልተከፈለ ለተራ ባለአክሲዮኖች አንዲት ሳንቲም አትወጣም።

ትርፍ ካለ ለመክፈል የሚሆን ገንዘብ አለ ማለት ነው?

አይደለም፤ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ትርፍ የሒሳብ ውጤት ነው። ኩባንያው በዱቤ የሸጠው ዕቃ ገንዘቡ ገና ሳይሰበሰብ በገቢነት ይመዘገባል፤ ባለፉት ዓመታት የተገኘው ትርፍም ብዙውን ጊዜ ወደ ማሽን፣ ወደ ሕንፃ ወይም በመጋዘን ወዳለ ዕቃ ተለውጧል። በሒሳብ መግለጫው ላይ «ያልተከፋፈለ ትርፍ» ተብሎ የሚታየው ቁጥር በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ከተገኘው ትርፍ ውስጥ ምን ያህሉ በኩባንያው ውስጥ እንደቀረ እንጂ ያ ትርፍ አሁን በምን መልክ እንዳለ አይደለም።

የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል፦ ኩባንያው በብድር ያገኘው ብዙ ጥሬ ገንዘብ አለው፣ ነገር ግን የተጠራቀመ ትርፍ የለውም። በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ እንዲህ ያለው ኩባንያ ድርሻ ማከፋፈል አይችልም፤ ምክንያቱም የሚያከፋፍለው ትርፉን ሳይሆን አበዳሪዎች እንደ ዋስትና የሚቆጥሩትን ካፒታል፣ ማለትም ባለቤቶች ለኩባንያው ያዋጡትን ገንዘብ፣ ይሆናል። ይህን ተላልፈው ክፍያ የፈቀዱ ዳይሬክተሮች በግላቸው ተጠያቂ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ። በጥቅሉ ለመክፈል የሚከፋፈል ትርፍም፣ በእጅ ያለ ገንዘብም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ክፍያውን ለማግኘት አክሲዮኑን እስከ መቼ መያዝ አለብኝ?

አራት ቀኖችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ክፍያው የሚታወጅበት ቀን ነው። ሁለተኛው የመዝገብ ቀን ሲሆን፣ በዚያ ዕለት ስሙ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ የተገኘ ሰው ይከፈለዋል። ሦስተኛው አክሲዮኑ ያለ ድርሻው መሸጥ የሚጀምርበት ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ሰው የታወጀውን ክፍያ አያገኝም፣ ክፍያው ለሻጩ ይቀራል። አራተኛው ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን ነው፤ ይህም ከመዝገቡ ቀን ሳምንታት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

ለባለሀብቱ ወሳኙ ሦስተኛው ነው። ቀኑ የሚወሰነው ግዢና ሽያጩ ተጠናቅቆ የባለቤትነት ርክክብ እስኪፈጸም በሚወስደው ጊዜ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ርክክቡ ከግዢው በኋላ ሁለት የሥራ ቀናት ይወስድ በነበረበት ወቅት ይህ ቀን ከመዝገቡ ቀን በአንድ የሥራ ቀን ይቀድም ነበር፤ ከግንቦት 28 ቀን 2024 ጀምሮ ርክክቡ በአንድ የሥራ ቀን ስለሚያልቅ ሁለቱ ቀኖች በአንድ ዕለት መዋል ጀመሩ። የገዙበት ገበያ የሚከተለውን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በመዝገቡ ዕለት ገዝተው ለምን አልተከፈለንም ብለው የሚጠይቁ ሰዎች በብዛት ያላስተዋሉት ይህንን ነው።

አንድ ቀን ሲቀረው ገዝቼ፣ ድርሻውን ካረጋገጥሁ በኋላ በነጋታው ብሸጥ አተርፋለሁ?

ሐሳቡ ብልህ ይመስላል፤ የሚያከሽፈው ግን አክሲዮኑ ያለ ድርሻው መሸጥ በጀመረበት ጠዋት ዋጋው በክፍያው መጠን ገደማ ዝቅ ብሎ መክፈቱ ነው። የ50 ዶላር አክሲዮን 1 ዶላር የሚከፍል ከሆነ በዚያ ጠዋት ያለው ዋጋ፣ ሌላ ነገር ካልተለወጠ፣ ወደ 49 ዶላር ይጠጋል። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ ከኩባንያው በእያንዳንዱ አክሲዮን ልክ 1 ዶላር ሊወጣ ስለሆነ የቀረው ኩባንያ በዚያው መጠን ያነሰ ዋጋ አለው። ገዢው 49 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮንና 1 ዶላር ይዟል፤ ሀብቱ ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው ኪሱ ተዛወረ እንጂ አልጨመረም።

በዚህ ላይ የግዢና የሽያጭ ኮሚሽን፣ በተከፈለው 1 ዶላር ላይ የሚቆረጥ ግብር፣ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ይታከላሉ። ገበያው በየቀኑ በራሱ ምክንያት ከፍና ዝቅ ስለሚል አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሊቀናው ይችላል፤ ያ ግን ከትርፍ ድርሻው ጋር ግንኙነት የለውም።

በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ተጨማሪ አክሲዮን ሲሰጠኝ ምን አገኘሁ?

ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱት በዚህ ጥያቄ ላይ በመሆኑ በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ኩባንያ 1,000,000 አክሲዮኖች አሉት እንበል፤ የእያንዳንዱ የገበያ ዋጋ 22 ዶላር ነው፤ እርስዎ ደግሞ 10,000 አክሲዮኖች፣ ማለትም የኩባንያውን 1 በመቶ ይዘዋል። ኩባንያው 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ በአክሲዮን መልክ ሲሰጥ የእርስዎ አክሲዮኖች 11,000፣ የኩባንያው ጠቅላላ አክሲዮኖች ደግሞ 1,100,000 ይሆናሉ። ድርሻዎ አሁንም 1 በመቶ ነው። በኩባንያው ውስጥ የተጨመረ ወይም ከኩባንያው የወጣ ነገር ስለሌለ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ወደ 20 ዶላር ይወርዳል፤ የያዙት ሀብት ቀድሞም 220,000 ዶላር ነበር፣ አሁንም 220,000 ዶላር ነው።

የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1920 የደረሰበት መደምደሚያም ይኸው ነበር። ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ካሊፎርኒያ ያከፋፈለው 50 በመቶ የአክሲዮን ድርሻ የገቢ ግብር ይከፈልበት እንደሆነ በተነሣው ክርክር፣ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ባለአክሲዮኗ ከኩባንያው ሀብት የተለየ ምንም ነገር ስላልተቀበለች ገቢ አላገኘችም ሲል ወሰነ።

በጥሬ ገንዘብ ወይም በአክሲዮን እንዲመርጡ ዕድል ሲሰጥ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሌሎቹ አክሲዮን መርጠው እርስዎ ገንዘቡን ከወሰዱ በኩባንያው ውስጥ ያለዎት የባለቤትነት መቶኛ ይቀንሳል፤ የድምፅዎ ክብደትም አብሮ ይቀንሳል። ምርጫ በመኖሩ ብቻ የግብር አያያዙም ሊለወጥ ስለሚችል ቅጹን ከመፈረም በፊት ይህንን ማጣራት ያስፈልጋል።

ሀብት የማይጨምር ከሆነ ኩባንያዎች ለምን ተጨማሪ አክሲዮን ያከፋፍላሉ?

ዋነኛው ምክንያት ጥሬ ገንዘቡን ከኩባንያው ሳያወጡ ባለአክሲዮኖችን ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚሆነው ከ«ያልተከፋፈለ ትርፍ» የተወሰነ መጠን ተቀንሶ ወደ «ካፒታል» መዛወሩ ነው፤ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ሀብት ግን አንድ ሆኖ ይቀራል። በአሜሪካ የሒሳብ አያያዝ ደንብ አዲሱ አክሲዮን ቀድሞ ከነበረው ከ20 እስከ 25 በመቶ ከሚሆነው ወሰን በታች ከሆነ ዝውውሩ በገበያ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ይመዘገባል።

ዝውውሩ የወረቀት ሥራ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ካፒታል የሆነ ትርፍ ከዚያ በኋላ እንደ ትርፍ ድርሻ በቀላሉ ሊከፈል አይችልም፤ ስለዚህ አበዳሪዎች ይወዱታል። ካፒታላቸውን ከፍ ማድረግ የሚፈልጉ ኩባንያዎችም የተጠራቀመ ትርፋቸውን በዚህ መንገድ በቋሚነት ያስቀምጣሉ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ዝቅ ማለቱም አነስተኛ ገንዘብ ላላቸው ገዢዎች በሩን ይከፍታል።

ባለአክሲዮኑ በእርግጥ የሚጠቀምበት አንድ ሁኔታ አለ። ኩባንያው 10 በመቶ አክሲዮን ካከፋፈለ በኋላ ለአንድ አክሲዮን ይከፍል የነበረውን ጥሬ ገንዘብ ሳይቀንስ ከቀጠለ፣ የአክሲዮኑ ብዛት በመጨመሩ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ በ10 በመቶ አድጓል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ጥቅሙ የመጣው ከተጨመሩት አክሲዮኖች ሳይሆን ኩባንያው ብዙ ገንዘብ ለመክፈል በመወሰኑ ነው።

ይህ ከአክሲዮን ስፕሊት በምን ይለያል?

ለባለሀብቱ ውጤቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ነው። በስፕሊት አንድ ነባር አክሲዮን ወደ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይከፈላል፤ በላዩ የተጻፈው ዋጋም በዚያው ልክ ይከፈላል፤ ያልተከፋፈለው ትርፍ ግን አይነካም። በሁለቱም ሁኔታዎች የቀደሙት ዓመታት ለአንድ አክሲዮን የተገኘ ትርፍ በአዲሱ የአክሲዮን ብዛት ተስተካክሎ እንደገና ይሰላል፤ ያልተስተካከለውን አሮጌ ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያነጻጸረ ሰው ኩባንያው በድንገት የወደቀ ይመስለዋል።

ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ ምጣኔ ያለውን አክሲዮን መግዛት ይሻላል?

ምጣኔው የሚሰላው ለአንድ አክሲዮን በዓመት የሚከፈለውን መጠን ለአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ በማካፈል ነው። በዓመት 4 ዶላር የሚከፍል አክሲዮን በ80 ዶላር ሲሸጥ ምጣኔው 5 በመቶ ነው። ዋጋው ወደ 40 ዶላር ቢወድቅ ምጣኔው 10 በመቶ ይሆናል፤ ኩባንያው ግን በክፍያው ላይ የጨመረው ነገር የለም። ስለዚህ ከተለመደው እጅግ ከፍ ያለ ምጣኔ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የኩባንያውን ቸርነት ሳይሆን ገበያው ክፍያው ይቀጥላል ብሎ አለማመኑን ነው።

ከዚህ ይልቅ ከትርፉ ምን ያህሉ እንደሚከፈል ማየት ይጠቅማል። ለአንድ አክሲዮን 5 ዶላር አትርፎ 4 ዶላር የሚከፍል ኩባንያ 80 በመቶውን እያወጣ ነው፤ ትርፉ ወደ 3.50 ዶላር ቢወርድና ክፍያው ባይቀነስ ከሚያገኘው በላይ እየከፈለ ነው ማለት ነው፤ ይህም ለአንድና ለሁለት ዓመት በቁጠባ ወይም በብድር ሊሸፈን ይችላል እንጂ አይዘልቅም። የረጅም ጊዜ ታሪክ ያላቸው ኩባንያዎች እንኳ ሲጨንቃቸው ይቀንሳሉ፦ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ2009 የሩብ ዓመት ክፍያውን ከ31 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም፣ የነዳጅ ኩባንያው ሼል ደግሞ በሚያዝያ 2020 ከ47 ሳንቲም ወደ 16 ሳንቲም አውርደዋል፤ የሼል ቅነሳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

የኩባንያ ኃላፊዎች ይህን ውሳኔ እስከ መጨረሻው ይሸሹታል። ጆን ሊንትነር የተባለው ምሁር በ1956 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ኃላፊዎች ክፍያውን ከፍ የሚያደርጉት የትርፉ ዕድገት እንደሚዘልቅ ሲያምኑ ብቻና ቀስ በቀስ ነው፤ የሚፈሩት ወደፊት ለመቀነስ መገደድን ነው። ቅነሳ ሲታወጅ ዋጋው ክፉኛ የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ገዢው ከጠፋው ሳንቲም ይልቅ ኃላፊዎቹ ስለ መጪው ጊዜ ያላቸውን ግምት ያነብበታል።

ትልልቅ ትርፋማ ኩባንያዎች ምንም የማይከፍሉት ለምንድን ነው?

በኩባንያው ውስጥ የቀረ 1 ዶላር ባለአክሲዮኑ በራሱ ሊያገኘው ከሚችለው የተሻለ ገቢ የሚያመጣ ከሆነ አለመክፈሉ ትክክል ነው። በታዋቂው ባለሀብት ዋረን ባፌት አመራር የኢንቨስትመንት ኩባንያው በርክሻየር ሃታዌይ የትርፍ ድርሻ የከፈለው በ1967 አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ባለአክሲዮኖቹም በአክሲዮኑ ዋጋ ዕድገት ተክሰዋል። አፕል በ1995 ያቆመውን ክፍያ በ2012 እንደገና ጀምሯል፤ ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) እና አልፋቤት (የጉግል ባለቤት) ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መክፈል የጀመሩት በ2024 ነው።

አለመክፈል ሁልጊዜ የብልህነት ምልክት ነው ማለት ግን አይደለም። ብዙ ገንዘብ በእጃቸው ያለ ኃላፊዎች ሥራቸውን በማያውቁት ዘርፍ ኩባንያ እየገዙ ሊያባክኑት ይችላሉ፤ በየጊዜው የመክፈል ልማድ ይህንን ይገታል። ማይክሮሶፍት ለዓመታት ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ በ2004 ለአንድ አክሲዮን 3 ዶላር፣ በጠቅላላው 32 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ በልዩ ክፍያ መልሷል። እንዲህ ያለው ክፍያ የአንድ ጊዜ ስለሆነ በምጣኔ ስሌት ውስጥ ገብቶ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል።

ኩባንያው ድርሻ ከመክፈል የራሱን አክሲዮን መልሶ ቢገዛ ለእኔ ልዩነት አለው?

የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ሜርተን ሚለርና ፍራንኮ ሞዲሊያኒ በ1961 እንዳሳዩት፣ ግብርና የመገበያያ ወጪ በሌለበት፣ ሁሉም እኩል መረጃ ባለበት ገበያ የኩባንያው ዋጋ የሚወሰነው በሚያገኘው ገቢ እንጂ ገቢውን በሚያከፋፍልበት መንገድ አይደለም። ገንዘብ የፈለገ ባለአክሲዮን ጥቂት አክሲዮን ሸጦ የራሱን «ድርሻ» ማውጣት ይችላልና።

እውነተኛው ገበያ ግን ግብር አለበት፤ ልዩነቱ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ድርሻ ሲከፈል ሁሉም ባለአክሲዮን ይቀበላል፣ ግብሩንም ይከፍላል፤ መልሶ ግዢ ሲኖር ግብር የሚመለከተው የሸጠውን ሰው ሲሆን፣ ያልሸጠው በተቀነሱት አክሲዮኖች ምክንያት የባለቤትነት መቶኛው ይጨምርለታል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ኩባንያው በተገቢ ዋጋ ከገዛ ብቻ ነው። ዋጋው በተጋነነበት ጊዜ የሚገዛ ኩባንያ ከቀሩት ባለአክሲዮኖች ወስዶ ለሚወጡት እየሰጠ ነው።

ድርሻዬን መልሼ አክሲዮን ብገዛበት ግብር እከፍላለሁ?

በብዙ አገሮች አዎ። ክፍያው በቀጥታ ለአዲስ አክሲዮን ግዢ እንዲውል ያዘዘ ሰው ገንዘቡ እጁ ባይገባም እንደተቀበለ ይቆጠራል። በነጻ የተሰጠ የአክሲዮን ድርሻ ብዙ ጊዜ በተሰጠበት ዕለት ግብር ባያስከትልም፣ የመጀመሪያው የግዢ ዋጋ በአዲሱ ብዛት ላይ ይበተናል፦ 100 አክሲዮን በ2,000 ዶላር ገዝቶ 10 የተጨመረለት ሰው የአንዱ መግዣ ዋጋ ከ20 ዶላር ወደ 18.18 ዶላር ስለሚወርድ፣ ሲሸጥ የሚመዘገበው ትርፍ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። የተቀበለበትን ሰነድ ያላስቀመጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ይህንን ለማስላት ይቸገራል።

ከታወጀ በኋላ ክፍያው ሊሰረዝ ይችላል?

በአጠቃላይ በሚገባ የታወጀ የትርፍ ድርሻ የኩባንያው ዕዳ ይሆናል፤ ባለአክሲዮኑም እንደ ማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ መክሰስ ይችላል። አስቸጋሪው «የታወጀ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። በእንግሊዝ ሕግ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀው የዓመት መጨረሻ ድርሻ ዕዳ ነው፤ ዳይሬክተሮች በዓመቱ መካከል በራሳቸው የሚወስኑት ጊዜያዊ ድርሻ ግን እስኪከፈል ድረስ ሊሻር ይችላል። ቦርዱ ለጉባኤ ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብም ጉባኤው እስኪቀበለው ድረስ ሐሳብ ብቻ ነው፤ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃም ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ የታወጀ ድርሻ በዚያ ዓመት ሒሳብ ላይ ዕዳ ሆኖ አይመዘገብም።

ይህ ልዩነት በመጋቢት 2020 መጨረሻ ላይ በተግባር ታይቷል። የእንግሊዝ የባንክ ተቆጣጣሪ ባንኮች በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ካፒታላቸውን እንዲጠብቁ በጠየቀ ጊዜ፣ ኤችኤስቢሲ፣ ባርክሌይስ፣ ሎይድስና ሌሎችም ሊከፍሉት የነበረውን የ2019 ቀሪ ድርሻ ሰርዘዋል፤ የባርክሌይስ ባለአክሲዮኖች ውሳኔውን የሰሙት ገንዘቡ ሊከፈል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲያነቡ ከመጠኑ በፊት ክፍያው በጉባኤ የጸደቀ፣ ቦርዱ በራሱ የወሰነው ወይስ ገና በሐሳብ ደረጃ ያለ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል።